ትኩስ ሥጋ አንበላም ያሉት ሁለት ሰዎች፦ በኢንደቨር መርከብ ላይ የነበረው የዕለት ኑሮ፣ ከ1768 እስከ 1771

መርከቧ ከእንግሊዝ ከወጣች ገና ሦስት ሳምንቷ ነው። ማዴይራ ደሴት ላይ መልህቅ ጥላለች። ከደሴቷ ትኩስ የበሬ ሥጋ ተገዝቶ ለሁሉም ይታደላል። አንድ መርከበኛና አንድ የባሕር ኃይል ወታደር ግን ድርሻችንን አንበላም አሉ። አዛዡ ሁለቱንም አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ጅራፍ አስገረፋቸው።

ይህ የሆነው ሴፕቴምበር 16 ቀን 1768 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የመርከቧ ስም ኢንደቨር ነው። አዛዧ ሌተናንት ጄምስ ኩክ ነው። ያኔ ዕድሜው 39 ነበር።

ታሪኩን መጀመሪያ ሳነብ አልገባኝም። ትኩስ ሥጋ ቀርቦለት እምቢ የሚል ሰው ምን ሆኖ ነው? ሥጋ አልበላም ያለን ሰው መግረፍስ ምን የሚሉት ነገር ነው? መልሱን ፍለጋ ነው የዚህችን መርከብ ኑሮ ቀን በቀን መከተል የጀመርኩት። እየተከተልኩ ስሄድ ደግሞ ሌላ ትልቅ ጥያቄ መጣብኝ። በዚህች መርከብ ላይ ከሁለት ዓመት በላይ አንድም ሰው ስከርቪ በሚባለው የመርከበኞች ገዳይ በሽታ አልሞተም። በዚያ ዘመን ይህ ተአምር የሚባል ነገር ነው። ከዚያ ግን በአምስት ወር ውስጥ ሠላሳ ያህል ሰው አለቀ። አዛዡ ያው ነው። ሥርዓቱም ያው ነው። ታዲያ ምን ተለወጠ?

ከሰል ጫኟ መርከብ

ኢንደቨር ለጦርነትም ለምርምርም የተሠራች አልነበረችም። በ1764 በእንግሊዝ ዊትቢ ወደብ ከሰል እንድትጭን ነው የተሠራችው። ስሟም ሌላ ነበር። ሆዷ ሰፊ፣ ታችዋ ጠፍጣፋ ነው። ፍጥነት የላትም፤ ግን ብዙ ትሸከማለች፤ ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ ብትቀመጥም አትገለበጥም። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በ1768 ገዛት። ኩክ ወጣት እያለ የባሕር ሥራ የተማረው በእንዲህ ዓይነት የዊትቢ ከሰል ጫኝ መርከቦች ላይ ስለነበር ጠባይዋን ጠንቅቆ ያውቃል።

የጉዞው ይፋ ምክንያት ሳይንስ ነው። ጁን 3 ቀን 1769 ፕላኔቷ ቬነስ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ከታሂቲ ደሴት ሆኖ መለካት ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ ደቡብ ወርዶ ያልታወቀ አህጉር ካለ እንዲፈልግ ለኩክ ምስጢራዊ ትእዛዝ ተሰጥቶታል።

አሁን ስፋቷን አስቡት። ርዝመቷ 32 ሜትር ያህል ነው። ወርዷ 9 ሜትር አይሞላም። ኦገስት 26 ቀን 1768 ከፕሊመዝ ስትነሣ 94 ሰው ይዛለች። ከሰዎቹ ጋር መድፍ፣ ባሩድ፣ ትርፍ ሸራ፣ ገመድ፣ የመጠጥ ውኃ በርሜል፣ ለ18 ወር ያህል የሚሆን ስንቅ አለ። በጎች፣ አሳማዎች፣ ዶሮዎችና ድመቶችም አሉ። ጆሴፍ ባንክስ የሚባለው ሀብታም ወጣት የዕፅዋት ተመራማሪ ሁለት ውሾቹን ይዞ ነው የተሳፈረው። አንዲት ፍየልም ነበረች። ይህቺ ፍየል ከዚያ በፊት በሌላ መርከብ ዓለምን አንድ ጊዜ ዞራለች። ለመኮንኖቹ ቡና የሚሆን ወተት ትሰጣለች።

ተራው መርከበኛ የሚተኛው ከጣሪያው ላይ በተንጠለጠለ የሸራ አልጋ ነው። በባሕር ኃይሉ ልማድ ለአንድ ሰው የሚሰጠው ወርድ 36 ሴንቲ ሜትር ያህል ነበር። ትከሻዬን ለካሁት፤ አይበቃኝም። ሰዎቹን ያኖራቸው ሁሉም በአንድ ጊዜ አለመተኛታቸው ነው። ጠዋት ሲሆን አልጋው ተጠቅልሎ ይነሣል፤ ያው ቦታ ምግብ ቤት ይሆናል። መኮንኖቹም ቢሆኑ ብዙ አልተሻሉም። በኋለኛው ክፍል ተጨማሪ ወለል ስለተጨመረ ጣሪያው በጣም ዝቅ ብሎ ነበር። አንዳንዱ ቦታ ላይ ቀና ብሎ መሄድ አይቻልም።

ለወጥ ቤቱ መጀመሪያ የተመደበው ሰው አንካሳና ደካማ ነበር። ኩክ ይህ አይሆንም ብሎ አመለከተ። በምትኩ የተላከለት ጆን ቶምሰን ቀኝ እጁን ያጣ ሰው ሆነ። ኩክ አሁንም ተቃወመ፤ ባሕር ኃይሉ ግን አልቀየረለትም። እናም ለ94 ሰው የሚቀቅለው አንድ እጅ ያለው ሰው ሆነ። ይህን ሰው አስታውሱልኝ፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ደወልና ብስኩት

ባሕር ላይ ቀኑን የሚገዛው ደወል ነው። የአሸዋ ሰዓቱ በየግማሽ ሰዓቱ ይገለበጣል፤ ደወሉ ይመታል። ስምንት ደወል ሲሞላ አራት ሰዓት አለፈ ማለት ነው፤ ፈረቃ ይቀየራል። በዚያ ዘመን ብዙ መርከቦች ሠራተኛውን ለሁለት ነበር የሚከፍሉት። አራት ሰዓት ሥራ፣ አራት ሰዓት እረፍት፣ ቀንም ሌሊትም። በዚህ አካሄድ አንድ ሰው ከአራት ሰዓት በላይ ተከታታይ እንቅልፍ አያገኝም። ኩክ ለሦስት ከፈላቸው። አራት ሰዓት ሠርተህ ስምንት ሰዓት ታርፋለህ። የረጠበ ልብስህን ታደርቃለህ፤ እንቅልፍ ይጠግብሃል። በእኔ እምነት በኋላ ከማነሣቸው ከጎመኑም ከሎሚውም በፊት መቆጠር ያለበት ይህ ነው። የደከመና የበረደው ሰው ምን ብታበላው ይታመማል።

የመርከቧ ቀን የሚጀምረው ቀን 6 ሰዓት ላይ ነው፤ መኮንኖቹ የፀሐይን ከፍታ ለክተው መርከቧ የት እንዳለች ሲያሰሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ነው። ሸራ መስቀል፣ ሸራ ማውረድ፣ የተቀደደ መጣፍ፣ ገመድ መፍተል፣ ሬንጅ መቀባት፣ ውኃ በፓምፕ ማውጣት፣ ወለል መፋቅ። በየሰዓቱ ቋጠሮ ያለው ገመድ ወደ ባሕር ይጣልና ፍጥነት ይለካል። ማታም ያው ነው። ነፋስ ሲለወጥ ጨለማ ውስጥ ምሰሶው ላይ መውጣት አለ፤ በአንድ እጅ መያዝ፣ በአንድ እጅ መሥራት።

ከዚህ ሁሉ መሐል ኩክ አጥብቆ የያዘው ንጽሕና ነው። መኝታው ወደ ላይ ወጥቶ በፀሐይ ይናፈሳል። የታችኛው ወለል ይጠረጋል፤ በኮምጣጤ ይታጠባል። እርጥበቱን ለማባረር እሳት ይነድዳል። ጀርም የሚባል ነገር ገና አልታወቀም። ሐኪሞች ራሳቸው በሽታ የሚመጣው ከመጥፎ ሽታ ነው የሚሉበት ዘመን ነው። ምክንያቱ ስህተት ቢሆንም ጽዳቱ ጠቅሟል። ቅማል ሲቀንስ ቅማል የሚያመጣው ትኩሳትም ይቀንሳል።

ምግቡ ደግሞ ይህን ይመስላል። በባሕር ኃይሉ ደንብ አንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ ገደማ ደረቅ ብስኩትና ከአራት ሊትር በላይ ቢራ ያገኛል። በሳምንት ሁለት ኪሎ የማይሞላ ጨው የበላው የበሬ ሥጋና አንድ ኪሎ የማይሞላ የአሳማ ሥጋ ይሰጠዋል። አተር፣ አጃ፣ ትንሽ ቅቤና አይብ ይጨመራል። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ሥጋ የለም። ቢራው ረጅም ስለማይቆይ ቶሎ ያልቃል፤ ከዚያ ወይንና ሩም ይተካሉ። ሰዎቹ በትንንሽ ቡድን ተከፋፍለው ነው የሚበሉት። ከየቡድኑ አንዱ ተራ ገብቶ ምግቡን ከወጥ ቤት ያመጣል።

ብስኩቱ ከአንድ ዓመት በኋላ ነቀዘ። ባንክስ ስለዚህ ጽፏል። ከአንድ ብስኩት በመቶዎች፣ እንዲያውም በሺዎች የሚቆጠሩ ነቀዞች ሲራገፉ አይቻለሁ ይላል። የመኮንኖቹ ብስኩት በቀዝቀዝ ያለ ምድጃ ይሞቅና ነቀዙ ራሱ ወጥቶ ይሄዳል። ተራው ሰው ግን እንዳለ ነው የሚበላው። ባንክስ ጣዕማቸውንም ሳይቀር መዝግቧል፤ እንደ ሰናፍጭ ያቃጥላሉ ይላል።

ጎመኑ

ወደ ሁለቱ ተገራፊዎች እንመለስ።

ስከርቪ ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ ለረጅም ጊዜ ባለመብላት የሚመጣ በሽታ ነው። ዛሬ የቫይታሚን ሲ እጥረት እንለዋለን። ድድ ያብጣል፤ ይደማል። ጥርስ ይነቃነቃል። የዳነ ቁስል እንደገና ይከፈታል። ከዚያ ሞት ነው። ከኢንደቨር ሃያ ምናምን ዓመት ቀደም ብሎ ከ1740 እስከ 1744 ዓለምን የዞረው የእንግሊዛዊው አዛዥ የአንሰን የጦር መርከቦች ቡድን ከ1,800 በላይ ሰው ይዞ ወጥቶ ከ1,000 በላዩን በበሽታ አጥቷል። ዋናው ገዳይ ስከርቪ ነበር።

ጄምስ ሊንድ የሚባል የባሕር ኃይል ሐኪም በ1747 ሕሙማንን በጥንድ በጥንድ ከፍሎ ብርቱካንና ሎሚ የበሉት እንደሚድኑ አሳይቶ ነበር። ነገር ግን ማስረጃው ቶሎ ሥራ ላይ አልዋለም። ስለዚህ ኩክ ሲነሣ ያልተሰጠው ነገር የለም፤ ይህንንም ሞክር፣ ያንንም ሞክር ነው የተባለው። ብቅል ተጫነለት። የደረቀ የሾርባ ጥፍጥፍ ተጫነለት። ጥቂት የሎሚና የብርቱካን ጭማቂ ነበረ። ከሦስት ተኩል ቶን በላይ በጨው የኮመጠጠ ጥቅል ጎመንም ተጫነ።

ችግሩ መርከበኛው ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ጨው የበላ ሥጋና ብስኩት ነው። አዲስ ምግብ ሲመጣ ድርሻዬን ሊቀንሱብኝ ነው ብሎ ይጠረጥራል። እኔ እንደሚመስለኝ ማዴይራ ላይ ሥጋ እምቢ ያሉት ሁለቱ ሰዎች ጥጋበኞች አልነበሩም። የለመዱት ነገር ሲቀየርባቸው የፈሩ ሰዎች ናቸው።

ኩክ እነሱን ገረፈ። በዚያው ሰሞን ለእያንዳንዱ ሰው ዘጠኝ ኪሎ ያህል ሽንኩርት አደለ። ጎመኑን ግን በጅራፍ አላበላም። ዘዴው ሌላ ነበር። ጎመኑ በየቀኑ ተሠርቶ ለመኮንኖቹ ጠረጴዛ ብቻ እንዲቀርብ አደረገ። መኮንኖቹ ሁሉ እንዲበሉ፣ ሌላው ሰው ግን ከፈለገ እንዲወስድ ካልፈለገ እንዲተው ነገረ። አንድ ሳምንት አልፈጀም። ጎመኑ በጣም ስለተፈለገ ለሁሉም በልክ እንዲታደል መወሰን ግድ ሆነበት። ኩክ ይህን ሲጽፍ ዘዴው በመርከበኞች ላይ ከሽፎብኝ አያውቅም ይላል። አለቆቹ የሚያከብሩትን ነገር ሲያዩ በዓለም ምርጡ ነገር ይሆንባቸዋል ነው የሚለው።

ይህን ክፍል በጣም እወደዋለሁ። ከግርፋቱ ወደ ጎመኑ ጠረጴዛ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ግን አንድ ሰው ስለ ሰዎቹ የተማረው ነገር አለ።

ስከርቪ የጠፋው ግን በጎመን ብቻ አይደለም። የጉዞውን ቀናት ስቆጥር አንድ ነገር አየሁ። መርከቧ ጃንዋሪ 1769 በደቡብ አሜሪካ ጫፍ በቲየራ ዴል ፉዌጎ አረፈች፤ ከባሕሩ ዳር የዱር ሰሊሪ ለቅመው ሾርባ ውስጥ ከተቱ። ታሂቲ የደረሰችው ኤፕሪል 13 ቀን ነው። በመካከሉ 12 ሳምንት ያህል መሬት አልረገጡም። ስከርቪ የሚጀምረውም ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ነው። ልክ እንደተጠበቀው ታሂቲ ሊደርሱ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀራቸው የባንክስ ድድ አበጠ፤ አፉ ውስጥ ቁስል ወጣ። የሎሚ ጭማቂ መጠጣት ጀመረ፤ ሳምንት ሳይሞላ ዳነ። ይህ ሰው የሚበላው ከመኮንኖቹ ጠረጴዛ ነው፤ ጎመኑም ነበረው። እሱን ከያዘው ጉዞው ሌላ ወር ቢጨምር ምን ይሆን ነበር? ኩክን ያዳነው በደረሰበት መሬት ሁሉ ሰው አውርዶ ቅጠል ማስለቀሙ ነው። የትም ይሁን የት፣ የሚበላ ሣር ከተገኘ ወደ ድስቱ ይገባል።

ብቅሉን በተመለከተ ግን ተሳስቷል። ወደ አገሩ ሲመለስ ብቅል ጠቅሟል ብሎ መሰከረ። ብቅል ቫይታሚን ሲ የለውም ማለት ይቻላል። ሁሉንም በአንድ ላይ የሰጠ ሰው የትኛው እንደሠራ ማወቅ አይችልም። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የሎሚ ጭማቂን በመደበኛነት ማደል የጀመረው በ1795 ነው። እስከዚያ የሞተውን ሰው ሳስብ ያናድደኛል።

በአንድ ቤት የታፈኑ ሰዎች

ሆድ ቢሞላም አብሮ መኖር ሌላ ፈተና ነው። የምድር ወገብን ሲያቋርጡ፣ በኦክቶበር 1768 መጨረሻ፣ ከዚህ በፊት ያላቋረጠ ሰው ሁሉ ከፍ ካለው የሸራ እንጨት በገመድ ታስሮ ሦስት ጊዜ ባሕር ውስጥ መነከር አለበት። አልነከርም ካለ የአራት ቀን መጠጡን ይከፍላል። ባንክስ ለራሱ፣ ለአገልጋዮቹና ለውሾቹ ጭምር ከፈለ። ሃያ ሠላሳ የሚሆኑት ተነከሩ፤ ሌላው እየሳቀ አየ። የገና ዕለት ደግሞ መርከቧ በሙሉ ሰከረች። ባንክስ ነፋሱ ለስላሳ ስለነበር እግዚአብሔርን አመስግኗል።

መጠጡ ግን ሁልጊዜ ሳቅ አልነበረም። በኦገስት 1769 አንድ የመርከብ ባልደረባ ሩም አብዝቶ ጠጥቶ ሞተ። በሜይ 1770 ደግሞ የኩክ ጸሐፊ ሰክሮ በተኛበት አንድ ሰው ልብሱን ቆራረጠው፤ ተመልሶ መጥቶ የጆሮዎቹን ጫፍ ቆረጠ። ኩክ አንድ ወጣት መኮንን ጠርጥሮ ከሥራ አገደ፤ ነገር ግን አልተረጋገጠም።

ከሁሉም ልቤን የነካኝ የአንድ ወጣት ወታደር ታሪክ ነው። በማርች 1769 የታሂቲ ጉዞ ላይ ናቸው። ልጁ ካቢን በር ላይ ዘብ ቆሟል። አንዱ ባልደረባ የቆዳ ቁራጭ አደራ ሰጠው፤ የትምባሆ ከረጢት የሚሠራበት የአቆስጣ ቆዳ ነው። ልጁ ከቆዳው ቆርጦ ወሰደ። ጓደኞቹ ደረሱበት፤ የጓዱን እምነት የበላ ብለው አዋረዱት። የወታደሮቹ አለቃ ነገሩን ለካፒቴኑ እነግራለሁ አለ። ምሽት ላይ ልጁ ወደ መርከቧ ፊት ሲሄድ ታየ። ከዚያ በኋላ ያየው የለም። ኩክ የሰማው ልጁ ባሕር ከገባ በኋላ ነው።

መሬት ላይ ቢሆን ልጁ ያን ማታ ሌላ ቦታ ይሄድ ነበር። ቤቱ፣ ዘመድ ጋ፣ ሜዳ ላይ። በ32 ሜትር መርከብ ላይ ግን ከሰው ዓይን መሸሸጊያ የለም።

በታላቁ ካቢን ያለው ኑሮ ሌላ መልክ ነበረው። ባንክስና ስዊድናዊው ተመራማሪ ዳንኤል ሶላንደር ከአንድ ትልቅ ጠረጴዛ ይቀመጣሉ። ሠዓሊው ሲድኒ ፓርኪንሰን ፊት ለፊታቸው ነው። የተለቀመው ዕፅ ሳይጠወልግ ይሣላል። ፓርኪንሰን በዚህ ጉዞ ከ900 በላይ የዕፅዋት ሥዕሎችና ንድፎች ሠርቷል። ታሂቲ ላይ ዝንቦች ቀለሙን ከወረቀቱ ላይ እየበሉ አስቸግረውታል።

ጁላይ 1769 ከታሂቲ ሲነሡ ቱፓያ አብሯቸው ተሳፈረ። ቱፓያ የራያቴያ ደሴት ሰው ነው፤ ካህንና የባሕር መንገድ አዋቂ። ታያታ የሚባል ልጅም አብሮት ነበር። በእሱ ዕውቀት የተሠራው ካርታ 74 ደሴቶችን ይዟል። ኒውዚላንድ ሲደርሱ ቋንቋው ከአገሩ ሰዎች ከማኦሪዎቹ ጋር ስለሚቀራረብ ያለ እሱ ንግግር አይታሰብም ነበር። ለእኔ በዚህች መርከብ ላይ ከነበሩት ሁሉ ስለ ውቅያኖሱ አብልጦ የሚያውቀው እሱ ነው። ግን እሱም ስከርቪ ያዘው። በጁን 1770 ድዱ አብጦ፣ እግሩ ላይ የጠቆረ ነጥብ ወጥቶበት ነበር። መርከቧ አውስትራሊያ ወንዝ ዳር ስትጠገን ቱፓያ ለብቻው ዓሣ እያጠመደ፣ ያጠመደውን ብቻ እየበላ ራሱን አዳነ። የመርከቡ ሥርዓት ያልጠበቀውን የራሱ ልማድ ጠበቀው።

ቀዳዳው

መርከቧ ለምን ትጠገን ነበር? ጁን 11 ቀን 1770 ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ በአውስትራሊያ ምሥራቅ በታላቁ የኮራል አለት ላይ ወጥታ ቆመች። ከ40 ቶን በላይ ዕቃ ወደ ባሕር ተጣለ፤ ስድስት መድፍ ጭምር። ሁሉም ሰው፣ መኮንንም ባንክስም፣ በተራ ፓምፕ ገፋ። ከአንድ ቀን ገደማ በኋላ ተንሳፈፈች። ጆናታን መንክሃውስ የሚባል ወጣት ከዚህ በፊት ያየውን ዘዴ አሳየ። ሸራ ላይ የበግ ፀጉርና የተፈታ ገመድ እየሰፉ ከመርከቧ ሆድ ሥር ጎተቱት። ውኃው ራሱ ወደ ቀዳዳው ሳበውና ደፈነው። መርከቧ ተረፈች። በኋላ ሲያዩት አንድ ትልቅ የኮራል ቁራጭ ራሱ ቀዳዳው ውስጥ ተሰብሮ ቀርቶ ነበር።

ጥገናው ለጊዜው እንጂ ለውቅያኖስ ጉዞ አይበቃም። ወደ አገር ለመመለስ እውነተኛ የመርከብ መጠገኛ ያስፈልጋል። ቅርቡ የደች ወደብ ባታቪያ ነበር፤ የዛሬዋ ጃካርታ። የመርከቧ ሆድ እዚያ ሲመረመር አንዳንዱ ሳንቃ ከመሳሳቱ የተነሣ ውፍረቱ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ባታቪያ መግባታቸው ምርጫ አልነበረም።

መርከቧ በኦክቶበር 1770 ደረሰች። ኩክ ለአለቆቹ ደብዳቤ ጻፈ። በጉዞው ሁሉ አንድም ሰው በበሽታ አላጣሁም አለ። በጥብቅ ስንመረምረው ትክክል አይደለም፤ አንድ መርከበኛ በ1770 በሳንባ ነቀርሳ ሞቷል። አባባሉ ግን ይገባኛል። ስለ ስከርቪ ነው የሚያወራው፤ በዚያም እውነቱን ነው። ደብዳቤው በደች መርከብ ተላከ።

ደብዳቤው ባሕር ላይ እያለ ሰዎቹ መሞት ጀመሩ።

ባታቪያ በቦዮች የተሞላች ከተማ ናት። ውኃው የቆመ ነው፤ ወባም ተቅማጥም ይፈላበታል። መጀመሪያ የሞተው የመርከቧ ሐኪም ነው። ከዚያ ልጁ ታያታ ሞተ። ቱፓያም ብዙ ሳይቆይ ተከተለው። በባታቪያ ሰባት ሰው ተቀበረ። ኩክ ራሱ ታመመ። ዲሴምበር 26 ሲነሡ ከ40 በላይ ሰው አልጋ ላይ ነበር። ኩክ እንደጻፈው ሳይታመም የቀረ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሸራ ሰፊው ሽማግሌ። ዕድሜው ሰባ ወይም ሰማንያ ይሆናል፤ በየቀኑም ይብዛም ይነስም ሰክሮ ነው የሚውለው። የደች ካፒቴኖች ግማሽ ሰው ስላልሞተባችሁ ዕድለኞች ናችሁ አሏቸው።

ጉዞ ላይ ደግሞ የባሰ መጣ። በጃንዋሪ 1771 ከጃቫ አጠገብ ካለች ደሴት ውኃ ቀዱ። ከዚያ የደም ተቅማጥ መርከቧን ሞላው። ኩክ የሚያውቀውን ሁሉ አደረገ። ውኃው ውስጥ ኖራ ጨመረ። ወለሉን በኮምጣጤ አሳጠበ። ሁለት ዓመት የሠራው ያው ሥርዓት ነው።

አልሠራም። ምክንያቱ ዛሬ ግልጽ ነው። የኩክ ሥርዓት እርጥበትን፣ ድካምን፣ ቅማልንና የትኩስ ምግብ እጥረትን ይዋጋል። ለእነዚህ ተስማሚ ነበር። ወባ ግን በትንኝ ነው የሚመጣው፤ ሰዎቹ ተነክሰው ነው የተሳፈሩት። ተቅማጡ ደግሞ በውኃና በእጅ ይተላለፋል። ወርዱ 36 ሴንቲ ሜትር በሆነ አልጋ የተጠጋጉ፣ ከአንድ ድስት የሚበሉ፣ ወባ ያደከማቸው ሰዎች ላይ ሲደርስ ምን ያቆመዋል? በጤና ጊዜ ያቀፋቸው መተፋፈግ በዚህ ጊዜ ገዳያቸው ሆነ።

በጃንዋሪ መጨረሻ በየቀኑ ማለት ይቻላል ሬሳ ወደ ባሕር ይወርድ ነበር። ፓርኪንሰን ሞተ። የሥነ ፈለክ ባለሙያው ቻርልስ ግሪን ሞተ። ሽማግሌው ሸራ ሰፊም አልተረፈም። ጃንዋሪ 31 ቀን ባለ አንድ እጁ ወጥ ሠሪ ጆን ቶምሰን ሞተ። ያንን የኮመጠጠ ጎመን ያቀርብ የነበረው እሱ ነው። በፌብሩዋሪ ቀዳዳውን በሸራ የደፈነው ጆናታን መንክሃውስም ሞተ። ኩክ ሸራውን ለመያዝና ሕሙማኑን ለማስታመም የሚበቃ ጤነኛ ሰው አልቀረኝም ብሎ ጻፈ። ከባታቪያ ተነሥተው በማርች 1771 አጋማሽ ኬፕታውን እስኪደርሱ ባሕር ላይ ሃያ ሦስት ሰው ጠፋ።

ኢንደቨር ጁላይ 12 ቀን 1771 እንግሊዝ ደረሰች። ፍየሏ በሕይወት ነበረች።

ኩክ በጁላይ 1772 እንደገና ወጣ፤ አሁን በሬዞሉሽን መርከብ። ጎመኑን በብዛት ጫነ። ሦስቱን ፈረቃ አልተወም። መኝታ ማናፈሱን፣ ወለል ማጠቡን፣ በየደሴቱ ቅጠል ማስለቀሙን ቀጠለ። ጉዞው ሦስት ዓመት ፈጀ። በሬዞሉሽን ላይ ከ100 በላይ ሰው ነበር፤ አራት ሰው ሞተበት፣ ከእነሱ በበሽታ የሞተው አንድ ብቻ ነው። ሲሄድም ሲመለስም በኬፕታውን በኩል ነው ያለፈው። ባታቪያ አልገባም።